ሰውህን ያዝ

«ሰውህን ያዝ!»

ስታዲየም ገብታችሁ የምታውቁ ይህን ጩኸት ታውቁታላችሁ። የማዕዘን ምት ሊመታ ነው። አሰልጣኙ መስመሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮኻል። ተከላካዩ አጥቂውን ከኋላ ይጠጋዋል፣ አንድ ክንዱን ወገቡ ላይ ያሳርፋል፣ ደረቱን ከጀርባው ያስጠጋል። ኳሷ እስክትነሳ አስር፣ አስራ አምስት ሰከንድ እንዲያ ይቆማሉ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ያያቸዋል፤ ምንም የሚጠረጥር የለም።

ዛሬ ስለ አንድ ታሪክ አጻጻፍ ነው የማወራው። በሁለት ተቀናቃኝ ክለቦች የሚጫወቱ ሁለት ወንዶች በድብቅ ይዋደዳሉ። ከጎንደር ነው የምናገረው፣ ታሪኩንም እዚሁ አስቀምጬ ነው የማስበው። ብዙዎች ይህን ርዕስ መስማት እንደማይፈልጉ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ሁለቱን ሰዎች ወይ መሳለቂያ ወይ ማስፈራሪያ ማድረግ ይቀለናል። ሰው ሆነው እንዲነበቡ ከተፈለገ ኳሱንም፣ ከተማውንም፣ ቋንቋውንም አብጠርጥሮ ማወቅ ይጠይቃል።

ከጨዋታ ቦታቸው እንጀምር። ሁለቱንም አጥቂ ማድረግ በብዛት የሚሠራ ስህተት ነው። ሁለት አጥቂዎች ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሳይነካኩ ሊወጡ ይችላሉ፤ አንዱ እዚያ ጎል፣ ሌላው እዚህ ጎል ነው ያለው። አንዱን የመሐል ተከላካይ፣ ሌላውን ፊት ላይ የሚቆም አጥቂ አድርጉ። ያኔ መያዝ፣ መገፋፋት፣ አብሮ ለቴስታ መዝለል፣ አብሮ መውደቅ ሥራቸው ይሆናል። ደግሞ ተቀናቃኝነት ጥላቻ ብቻ አይደለም፤ ጥናትም ነው። ተከላካዩ ከጨዋታው በፊት የአጥቂውን ቪዲዮ ደጋግሞ ያያል። በየትኛው እግሩ እንደሚዞር፣ ከመዞሩ በፊት ትከሻውን እንዴት እንደሚጥል፣ ሲደክመው ካልሲውን ዝቅ እንደሚያደርግ ያውቃል። አንድን ሰው ይህን ያህል በትኩረት ሲያዩት የከረሙበት ዓይን ከጨዋታው በኋላ ወዴት ይሄዳል? ፍቅሩን ከዚህ ብታስነሱት አንባቢው «እንዴት ተዋደዱ?» ብሎ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የት እንደሚገናኙ። አንዱ ክለብ ጎንደር፣ ሌላው ባሕር ዳር ነው እንበል። መሐላቸው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ግማሽ መንገድ ላይ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ያገናኛቸዋል። አይሆንም። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ግማሹ ተሳፋሪ ደጋፊ ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ታዋቂ ተጫዋች ቡና ሳይጠጣ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። ሊጉ ራሱ የተሻለ መላ ሰጥቷችኋል። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ መጫወት ጀመሩ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ፋሲል ከነማ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳውም በዚያው ዓመት ነው። ለታሪካችሁ ይህ ወርቅ ነው፤ ተቀናቃኞቹ ለሳምንታት አንድ ከተማ፣ አንዳንዴም ጎን ለጎን ሆቴል ያድራሉ።

ሰዓቱን ግን ቁጠሩ። ጠዋት 3 ሰዓት ልምምድ፣ 6 ሰዓት ተኩል ምሳ፣ ከዚያ እረፍት፣ 11 ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ፣ ማታ 4 ሰዓት የቡድን መሪው ክፍል እየዞረ ያያል ብላችሁ አስቡ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተጫዋች ነው የሚያድረው። በሳምንት ሰፋ ያለ ክፍት ጊዜ የሚኖረው ከጨዋታ ማግስት ከሰዓት ነው፤ እሱም ሁለቱ ክለቦች በአንድ ቀን ከተጫወቱ ብቻ ይገጥማል። የጨዋታ ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ፕሮግራሙ የማይፈቅደውን ቀጠሮ አትጻፉ። የናፍቆቱ ልክ ከዚያ ወረቀት ይወጣል።

አሁን ስለ ጎንደር አንድ ነገር፤ ከውጭ የተቀዳ ታሪክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፒያሳ እስከ ፋሲል ግቢ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ዞሮ የሚያያቸው የለም። ጓደኛሞች ናቸው፣ አለቀ። በጥምቀት፣ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ቢቆሙም ያው ነው። የእኛን ሁለት ሰዎች የሚያስጠረጥራቸው ወንድነታቸው ሳይሆን ማሊያቸው ነው። «የነሱ ተከላካይ ከኛ አጥቂ ጋር ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ነው ቀድሞ የሚመጣው። ተራ ጓደኛሞች ቢሆኑ የሚፈቀድላቸውን እጅ መያያዝ ተቀናቃኝነቱ ይነጥቃቸዋል። ይህን ያልጻፈ ታሪክ ጎንደር ውስጥ አልተጻፈም።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ ደግሞ ቋንቋው ነው። አማርኛ ምስጢር አይጠብቅም። ስልክ ላይ «በላህ?» ካልክ ወንድ ነው፣ «በላሽ?» ካልክ ሴት ናት። ግሡ ሁሉን ይናገራል። እንግዲህ ተከላካያችን ማታ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ አብሮት የሚያድረው ልጅ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ እያለ እንዴት ያውራ? ሦስት መንገድ አለው፤ ሦስቱም ያስከፍላሉ።

አንደኛው «አንቺ» ማለት ነው። «ደረስሽ? እግርሽ ተሻለሽ? በይ ተኚ።» በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው መጀመሪያ ይስቃል። በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ይቆማል። የሚወደው ሰው በየማታው የሚያነጋግረው ሌላ ሰው አድርጎ ነውና። ሁለተኛው «አንቱ» ነው፤ «በልተዋል? አርፈዋል?» አክብሮቱ ጾታ አይለይም፤ አብሮት ያለው ልጅ ከአባቱ ወይ ከንስሐ አባቱ ጋር የሚያወራ ይመስለዋል። ግን በ«አንቱ» መናፈቅ እንዴት ይነገራል? ሦስተኛው ግሡን እስከ ነጭራሹ መተው ነው። «ምሳ?» «እሺ።» «እግር?» «ደህና።» «እንቅልፍ?» ይህን ዓይነት ንግግር አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉት። ፍቅረኞቹ ስም ብቻ ቀርቷቸው ሲነጋገሩ፣ የተዋጠው ግስ ሁሉ ለአንባቢው ይሰማዋል።

ምስጢሩ የሚያመልጠውም ከዚሁ ነው። መሳሳም ላይ መያዝ የለመድነው ነገር ነው፤ ተዉት። ለወር ያህል «ነይ» ሲል የከረመ ሰው አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ «ና» ይላል። አንድ ፊደል። ከጎኑ ያለው አልጋ ይንቋቋል። ወደዚህ አልጋ እመለስበታለሁ።

ስጋቱን አታድበስብሱት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል፤ ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ከሕጉ ጋር ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ፣ ሰፈር አለ። በዚህ ምክንያት አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ ከተማው እውነተኛ ይሁን፣ ክለቦቹ ግን ፈጠራ ይሁኑ። በሕይወት ያለ ተጫዋች የሚለብሰውን ቁጥር፣ የጸጉር አቆራረጡን፣ ሰው የሚያስታውሰውን ጎል አትዋሱ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ፌስቡክ ላይ ስሙ የሚነሳ ልጅ ዕዳው የእናንተ ነው።

ጀስቲን ፋሻኑ በ1981 እ.ኤ.አ. ኖቲንግሃም ፎረስት 1 ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለበት አጥቂ ነበር። በ1990 ማንነቱን በአደባባይ ተናገረ፤ በ1998፣ በ37 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ጆሽ ካቫሎ በ2021፣ የ17 ዓመቱ ጄክ ዳንኤልስ በ2022፣ ያኩብ ያንክቶ በ2023 እየተጫወቱ ተናግረዋል። ስለዚህ ሞት ብቸኛው መጨረሻ አይደለም፤ ጀግኖቻችሁን ለመቅጣት ብላችሁ አትግደሏቸው።

አሁን ወደ ሜዳው። ታሪኩ የሚቋጠረው አንድ ሸርተቴ ላይ ነው። ተከላካዩ መውረድ ሲገባው ግማሽ እርምጃ ይዘገያል፣ አጥቂው ያገባል። ደጋፊው ስለ ፍቅር አያስብም፤ «ሸጠን!» ነው የሚለው። ገንዘብ በልቷል ይባላል። ይህን ሐሜት ሊያስተባብልበት የሚችለው እውነት ደግሞ ከሐሜቱ የባሰ ነው። ዝም ካለ ሌባ፣ ከተናገረ ወንጀለኛ ይሆናል። ሌላውም ስህተት አለ፤ እንዳይጠረጠር ብሎ አብዝቶ ይገባበታል፣ የቁርጭምጭሚቱን ጅማት ይጎዳዋል። ወጌሻው እየሮጠ ሲገባ እሱ መጠጋት አይችልም፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ዳኛው ፊት ይቆማል። ከሁለቱ እኔ ይህኛውን እመርጣለሁ። ፍቅሩ የጎዳው ሰው ራሱ የሚወደው ሰው ነውና።

እውነተኛ ተቀናቃኞች እንዴት እንደሚጫወቱ ማየት ከፈለጋችሁ ፍቅረኛሞቹን የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ካሮሊን ዌሌትን እና ጁሊ ቹን አስታውሱ። አንዷ ለካናዳ፣ አንዷ ለአሜሪካ። በ2014 እ.ኤ.አ. በሶቺ ኦሊምፒክ ፍጻሜ አሜሪካ 2 ለ 0 ስትመራ ቆይታ ካናዳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈች። አንዷ ወርቅ፣ አንዷ ብር ይዛ ወጣች። በ2017 ልጃቸው ተወለደች። ማንም ለማንም አልለቀቀም። የእናንተም ሁለት ሰዎች እንዲህ ይጫወቱ፤ ከተለቃቀቁ አንባቢው ለሁለቱም ክብር ያጣል።

ከጨዋታው በኋላ ለቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ይሰጣሉ። የቅኔ አገር ላይ ነን፤ ተጠቀሙበት። ጋዜጠኛው አጥቂውን ለምን ዛሬ እንዳላገባ ይጠይቀዋል። እሱም «ይዞኝ ነበር፤ ከሱ መላቀቅ አልቻልኩም» ይላል። ሰሙ ለተመልካቹ፣ ወርቁ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሆኖ ለሚያየው ሰው።

አልጋው ጋ ልመለስ። «ና» የሚለውን የሰማው ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያድራል። ሲነጋ ቁርስ ላይ ቡድኑ ሁሉ ተቀምጧል፤ እንቁላል ፍርፍር፣ ሻይ፣ ዳቦ። ተከላካዩ ቀና ማለት አቅቶታል፣ ዳቦውን ይቆራርሳል እንጂ አይበላም። ልጁ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል፣ ስኳሩን ወደሱ ይገፋለታል፣ ከዚያም ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠይቀዋል፤ «ያቺ ልጅ ደህና አደረች?»