ካቻቢቴውን ስጧት

የተከበራችሁ ተቋራጮች፣ ፎርማኖች፣ አሠልጣኞች፣ ዛሬ ልምምድ የምትጀምሩ እህቶቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ሴቶችና ስለ ኤሌክትሪክና ሶላር ሥራ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው «እንዴት እናምጣቸው?» የሚለው ነው። ፖስተር ይለጠፋል። ሄልሜት ያደረገች ልጅ ፈገግ ብላ ፎቶ ትነሳለች። ይሁን፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ከመጡ በኋላ ሳይት ላይ ስለሚሆነው ነው። ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነዋ።

አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተለማማጅ በአንድ ቀን ገቡ እንበል። እሱን «ና፣ ይቺን ብሬከር ግጠም» ይሉታል። እሷን «ጽሑፍሽ ያምራል፣ ዕቃውን መዝግቢ» ይሏታል። ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም እንዳትጎዳ አስበውላት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ እሱ ቦርድ ገጥሟል፣ ሽቦ ስቧል፣ ብልሽት ፈልጎ አግኝቷል። እሷ የስቶሩን ዕቃ በቃሏ ታውቃለች። ፈተናው ሲመጣ «አያችሁ፣ ለሴት ይከብዳል» ይባላል። እንዴት አይከብዳት!

ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት ሶላርን ጨምሮ ከታዳሽ ኃይል ዘርፍ ሠራተኞች 32 በመቶው ሴቶች ናቸው፤ በነዳጅና ጋዝ ግን 22 በመቶ ብቻ። ደስ ይላል። ዘርዘር ሲደረግ ግን በአስተዳደር ሥራ 45 በመቶ፣ በሳይንስና ምህንድስና ነክ ሥራ 28 በመቶ ይሆናል። ሶላር አዲስ ሥራ ነው ብለን የድሮውን ድልድል ይዘንበት ገባን ማለት ነው።

«ሥራው ጉልበት ይፈልጋል» የሚል አይጠፋም። አንድ የሶላር ፓነል 20 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ወንድም ቢሆን ጣሪያ ላይ ለብቻው መሸከም የለበትም። ይልቅ አስፈሪው ሌላ ነው። ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓነሉ ኃይል ያመነጫል፤ ብሬከር ብታጠፉም ፓነሉ ራሱ አይጠፋም። የሚያመነጨው ደግሞ ዲሲ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ። ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የሚቀያይረው የቤታችን ኤሌክትሪክ፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚነካ፣ ሽቦ ሲላላ የሚነሳው ብልጭታ የመጥፋት ዕድል አለው። ዲሲ ይህ የለውም። በደንብ ያልተጨመቀች አንዲት ማገናኛ ከላላች ብልጭታው ይቀጥላል፣ ይግላል፣ እሳት ይሆናል። ይህን የሚከላከለው ጡንቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን ማገናኛ ሳይሰለች ስቦ የሚያይ ሰው ነው።

እግረ መንገዴን ላንሳው፦ ይህንኑ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አጥንታ የአርክ መብራት (በዚሁ ብልጭታ የሚበራው የድሮ መብራት) ለምን እንደሚያፏጭ ያስረዳችው ኸርታ ኤርተን ሴት ነበረች። የብሪታንያ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1899 የመጀመሪያዋ ሴት አባል አድርጎ ተቀብሏታል። ስለዚህ እንግዳ ሆናችሁ አልመጣችሁም።

ጓንትን ቀላል ነገር አታድርጉት። እጇ ትንሽ ሆኖ ትልቅ ጓንት ስትሰጧት ጫፉ ይታጠፋል፣ ብሎኑ ያመልጣታል። መጨረሻ ላይ አውልቃ ትሠራለች። ከፍታ ላይ የሚታሰረው ቀበቶም እንዲሁ፤ ካልተስተካከለላት ቀበቶ አይባልም። በልኳ መግዛት ውለታ አይደለም፣ የደህንነት ሕግ ነው። የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤትም የዚያው ጉዳይ ነው።

ፎርማኖች፣ ለእያንዳንዱ ተለማማጅ የሥራ ደብተር ይኑር። ቦርድ፣ ኢንቨርተር (ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚቀይረው)፣ ባትሪ፣ ብልሽት ፍለጋ፤ ማን ምን ሠራ? በየወሩ የእሱንና የእሷን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። ከተቻለ አንዲትን ሴት ብቻዋን ሳይት ላይ አትመድቡ። አቤት የምትልበት ሰው ደግሞ የራሷ ፎርማን መሆን የለበትም፤ አንዳንዴ ችግሩ እሱው ነውና። ተቋራጮች፣ አበል በጊዜው ይከፈል። የታክሲ ገንዘብ ማጣት ብዙ ጎበዝ ልጅ አስቀርቶብናል።

እናንተ እህቶቼ፣ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ቴስተሩን ኃይል እንዳለው በምታውቁት ቦታ ሞክሩት። ከዚያ ሽቦውን ለኩ። ከዚያ ቴስተሩን እንደገና ሞክሩት። «ጠፍቷል፣ ንኪው» የሚላችሁ ሰው አለቃችሁም ቢሆን፣ ሳትለኩ አትንኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ መለማመጃው ክፍል እንገባለን። ፎርማኖች፣ ከመሄዳችሁ በፊት የመጀመሪያውን ሳምንት የሥራ ድልድል አሳዩኝ። አመሰግናለሁ።