ስሙ ከማን አፍ ወጣ?

የተከበራችሁ ተርጓሚዎች፣ አዘጋጆችና ተዋንያን፤

የአሜሪካዊውን ጸሐፌ ተውኔት የአርተር ሚለርን «ዘ ክሩሲብል» ወደ አማርኛ መድረክ ለማምጣት የሚነሳ ሰው ገና ከመጀመሪያው የሚያደናቅፈው «ጠንቋይ» የሚለው ቃል ነው። ጠንቋይ እኛ ዘንድ ገንዘብ ተይዞ ደጁ የሚጠና ሰው ነው። ተውኔቱ የተነሳባቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ1692 በአሜሪካ በማሳቹሴትሷ ሳሌም በጥንቆላ ተከሰው የተሰቀሉትን 19 ሰዎች ግን ደጃቸውን የጠና አልነበረም፤ ከሰይጣን ተዋውለው ጎረቤት በመንፈስ ያሰቃያሉ የተባሉ ናቸው። ይበልጥ የሚቀርባቸው ቡዳ ነው። ቡዳ በላው የተባለውን ሰው ከበው፣ ጭስ እያጨሱ «ማነህ? ተናገር!» ሲሉት ለፍልፎ ለፍልፎ የጎረቤት ስም ያወጣል። ተመልካቻችን ይህን ያውቀዋል። ቢሆንም «ቡዳ» ብላችሁ አትተርጉሙ፤ ቃሉ በሸማኔና በቀጥቃጭ ላይ ሲለጠፍ የኖረ ስድብ ስለሆነ ተውኔቱን ወደ ሌላ ጠብ ይወስደዋል። «የሰይጣን ውለኛ» ይሻላል።

ተውኔቱን የሚያንቀሳቅሰው የስም ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ገቢር ባሪያዋ ቲቱባ ግርፋትና ስቅላት ሲደቀንባት ታምናለች። ከሰይጣን ጋር ማን እንደነበረ ሲጠይቋት ግን የምትለው የላትም። ይሄኔ ባለመሬቱ ፑትናም ጣልቃ ይገባና ሳራ ጉድን አይታ እንደሆነ፣ ወይም ኦስበርንን፣ ይጠይቃታል። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ከጠያቂው አፍ ነው! ይህች የፑትናም ቃል ሰዓት ለማሳጠር ተብላ ከተቆረጠች የቀረው ሁሉ ጎረቤት የሚከሱት ልጃገረዶች ቅጥፈት ብቻ ይመስላል። («ሳራ ጉድ» ደግሞ አዳራሹን ማሳቋ አይቀርም፤ «እትዬ ሳራ» እንበላት።)

በሳሌም ችሎት የካደ ተሰቀለ፤ አምኖ በቃሉ የጸና አንድም አልተሰቀለም። ዋናው ማስረጃ ከሳሽ ብቻ የምታየው የተከሳሽ መንፈስ ነበር። «ያን ሌሊት ቤቴ ነበርኩ» ማለት አይረዳም፤ ሥጋዋ ቤት ተኝቶ መንፈሷ ሄዷል ይባላላ።

ተውኔቱ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1953 ኒውዮርክ ላይ ሲከፈት የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ በኮሚኒስትነት የጠረጠራቸውን እየጠራ ይመረምር ነበር። ስለ ራስ ተናግሮ መጸጸት ብቻውን አይበቃም፤ የጓደኛ ስም ይጠየቃል። ሚለርም በ1956 ቀረበ። ስለ ራሱ ተናገረ፣ የሌሎችን ስም ግን አልሰጥም አለ። በ1957 ምክር ቤቱን በመድፈር ጥፋተኛ ተባለ፤ በ1958 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረለት።

ሦስተኛውን ገቢር የሚያበላሸው የብርሃንና የድምፅ ባለሙያ ነው። የከሳሾቹ ልጃገረዶች መሪ አቢጌል ችሎቱ ፊት ወደ ጣሪያው አንጋጣ ወፍ አየሁ ስትል የክንፍ ድምፅ ከተሰማ ወይም ጥላ ካለፈ ወፏ እውነት ሆነች፤ ምሳሌው እዚያው ሞተ። ጣሪያው ላይ አንዲት ነጥብ ምረጡ፤ ልጃገረዶቹ ሁሉ እሷን ብቻ ይዩ። ቅጥፈታቸውን ያጋለጠችውን የሜሪ ዋረንን ቃል ሲደግሙም በራሷ ዜማ ይድገሙ፤ ካፈጠኑት ጫጫታ ይሆንባችኋል። ዳኛው ዳንፎርዝ አይጩህ። በሕጉ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው፤ ጨካኝ ተደርጎ ከተሠራ ተመልካች «እኔ እንዲህ አይደለሁም» ብሎ ዘና ይላል። ሌላም አለ፦ እውነተኛዋ አቢጌል 11 ዓመት ገደማ፣ የተውኔቱ ዋና ሰው ገበሬው ፕሮክተር 60 ገደማ ነበሩ። ሚለር እሷን 17 አድርጎ፣ እሱን ወደ ሠላሳዎቹ አውርዶ ፍቅር አስገባበት። ዝሙቱ ከተጋነነ የምናየው የትዳር ድራማ ነው።

በአራተኛው ገቢር ፕሮክተር ስለ ራሱ ያምናል፤ አብረውት የተፈረደባቸውን እነ ሬቤካን ከሰይጣን ጋር አይተሃል ሲሉት ግን እምቢ ይላል። ከፈረመ በኋላ ወረቀቱን የሚነጥቀው በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሊለጠፍ መሆኑን ስላወቀ ነው። ጠንካራ ወረቀት ስጡት፤ ሲቀደድ የኋላ ወንበር ድረስ ይሰማ። የመጨረሻው ድምፅ የከበሮ ነው፤ የእኛን ከበሮ ግን አታስመቱ። ተመልካቹ ሠርግ ወይም ማኅሌት ይመስለዋል። የወታደር ታምቡር ይሁን፤ ሚስቱ ኤልሳቤጥ መስኮቱን ይዛ ስትቆም ከውጭ ይምጣ።