ከማፍረሳችን በፊት

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

የተከበራችሁ ሸሆች፣ አባቶችና እናቶች፣ የመስጊድ ሥራ ኮሚቴ አባላት፤

ብዙዎቻችሁ አሮጌውን መስጊድ አፍርሳችሁ በብሎኬት ለመሥራት መዋጮ እየሰበሰባችሁ ነው። አላህ ይቀበላችሁ። እኔ የምለምናችሁ፣ ከማፍረሳችሁ በፊት አሮጌው ቤት ለሰጋጁ ምን ሲያደርግ እንደኖረ እንድታዩ ነው።

ደሴም መካም በ39ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ናቸው። ስለዚህ የወሎ ሰው ሲሰግድ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው፤ የሰጋጆቹ ረድፍ፣ ሰፉም፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ቤቱ ሰፉን ተከትሎ ወደ ጎን ሲረዝም፣ የጠዋቱና የማታው ፀሐይ የሚያገኘው ጠባብ ጎኖቹን ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ደግሞ ይኸው ነው፤ የቀትሩንማ ጣሪያና በረንዳ ይመልሱታል። ዛሬ ግን የምዕራቡን ግድግዳ በመስታወት እንሞላና ከሚሴ ከተማ ላይ የአስርን ሶላት፣ የከሰዓቱን፣ በላብ ተጠምቀን እንሰግዳለን።

ግድግዳውንም ተመልከቱ። ሾንኬ መንደር የአርጎባ አባቶች ኮረብታው ላይ የሠሩት በዚያው በአካባቢው ድንጋይ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል፤ በቀትሩ ሶላት፣ ዙህር ላይ፣ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፣ ለንጋቱ ሱብሂም ብርዱ አይጠናም። ከጭድ ጋር የቦካው ጭቃ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያወጣል። ይጠንክር ብለን በሲሚንቶ ስንለስነው እርጥበቱ ይታፈናል፣ ጭቃው ይላላል፣ ግድግዳው ያብጣል። እንዲህ የሚጠፋ መስጊድ ያንገበግበኛል፤ የሚያጠፋው ለመጠገን የወጣው ገንዘብ ነውና።

የጭቃ ቤት ለአላህ ቤት አይመጥንም የሚል ካለ፣ የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመዲና መስጊድ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር።

የሳር ክዳን ይመለስ አልልም። ሳሩም ከዳኙም ሳስቷል፣ እሳቱም ያሰጋል። ግን ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይኑር፤ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ የጁምዓው ስብከት፣ ኹጥባው፣ ለኋላው ሰፍ አይሰማም። የወይራና የጥድ ምሰሶዎቹን ለማገዶ አትሽጡ። ያን የመሰለ እንጨት ዛሬ ከየት ይመጣል? አዲሱ ቤት ውስጥ ይቁሙ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሶላት ሲታጠቡ ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ ነው፤ ሁለት መዳፍ ሙሉ ቢሆን ነው። እኛ ቧንቧ ከፍተን እናወራለን። ቢያንስ የውዱእ ቤቱን ፍሳሽ ወደ ግቢው ዛፎች ምሩት፤ ቦዩን ለመቆፈር የአንድ ቀን ደቦ ይበቃል።

ወሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።