«ልጆቹን አላስቸግርም»፦ በዋርድ ውስጥ ስለ መውደቅ

ታደሰ፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ከጎንደር ነን። ዛሬ የምናወራው ሰው በታከመበት ሆስፒታል ወይም በሚጦርበት ቤት እንዳይወድቅ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ነው። ብርቱካን ነርስ ስለሆነች እኔ ባብዛኛው አዳምጣለሁ።

ብርቱካን፦ ደስ ይለኛል። በመውደቅ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ደግሞ እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ነው።

ታደሰ፦ በመውደቅ ብቻ?

ብርቱካን፦ በመውደቅ ብቻ! ሳይሞቱ የቀሩትስ? ዳሌ ከተሰበረ አልጋ ላይ መዋል ይመጣል። ከዚያ የሳንባ ምች፣ የጀርባ ቁስል፣ የደም መርጋት ይከተላል። ለሆድ ሕመም የገቡ እናት በዳሌ ስብራት ሲከርሙ አስበው።

ታደሰ፦ በስመአብ! ዋናው ጥፋት ግን የወለሉ አይደል? ጠዋት ጠዋት ውኃ ተደፍቶ ሲወለወል እኮ ጤነኛውም ይንሸራተታል።

ብርቱካን፦ ወለሉም አለበት። የኮሪደሩ ግማሽ ተወልውሎ እስኪደርቅ ሰው በሌላው ግማሽ ይለፍ። ብዙ ነገር ይቀንሳል። ግን ቆይ፣ የእምዬን ነገር ልንገርህ።

ታደሰ፦ የደምቢያዋን አያትሽን?

ብርቱካን፦ አዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አንድ ዋርድ ተኝተው ነበር። አክስቴ አስታማሚ ሆና ከአልጋው ሥር ሰሌን ላይ ተኝታለች። አጠገቧ ፔርሙዝ፣ የምግብ ዕቃ፣ ፌስታል። መብራት የለም። እምዬ በሌሊት ሽንታቸው መጣ። አልጋው ከፍ ያለ ነው፣ እግራቸው መሬት አይደርስም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀስ ብለው ወረዱ። ያደረጉት ሸበጥ ደግሞ የአጎቴ!

ታደሰ፦ የአጎትሽ? ስንት ቁጥር?

ብርቱካን፦ 43!

ታደሰ፦ (እየሳቀ) ውይ እምዬን! ሁለት እግራቸው በአንዱ ይገባል እኮ።

ብርቱካን፦ አክስቴን ተሻገሩ፣ ፔርሙዙንም አለፉ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ የጋቢያቸውን ጫፍ ረገጡት። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጠዋት «ለምን አልጠሩንም?» ሲባሉ ምን አሉ መሰለህ? «ልጆቹ ሲሮጡ ውለው ደክሟቸዋል፤ ለሽንት ብዬ ሰው አላስቸግርም።»

ታደሰ፦ የእኛ እናቶች እኮ እንዲህ ናቸው።

ብርቱካን፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ታዴ። ደወል ብትሰቅልላቸው አይደውሉም። «ሲፈልጉ ይጥሩኝ» ብትላቸው «እሺ» ይሉሃል፣ አይጠሩህም። ይሉኝታው ከሕመሙ ይብሳል። ስለዚህ እስኪጠሩህ አትጠብቅ። ከመተኛታቸው በፊት፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሲነጋ፣ ራስህ ሄደህ «ተነሡ እምዬ፣ ሽንት ቤት እንሂድ» በላቸው። ካልቻሉ ፖፖውን አጠገባቸው አድርግ።

ታደሰ፦ በሽተኛው ብዙ፣ ነርሷ አንድ ስትሆንስ?

ብርቱካን፦ ለዚህ እኮ ነው አስታማሚ ያለው! ማታ ሥራ ስትረከብ አስታማሚውን ጠርተህ ንገረው። «ዕቃውን ከመንገድ አንሣ፣ የእጅ ባትሪ አጠገብህ ይሁን፣ ሲነሡ ቀስቅሱኝ በላቸው» በለው። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም።

ታደሰ፦ እኔ ግን በአልጋው ጎንና ጎን ያለውን መከለያ ብረት ከፍ ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ። አባቴ ሲታመም ብረቱ ባይኖር ተንከባሎ ይወድቅ ነበር።

ብርቱካን፦ በእንቅልፉ ለሚንከባለል እሺ። ግራ የገባው ሽማግሌ ግን በብረቱ ላይ ሊሻገር ይሞክራል። ያኔ የሚወድቀው ከአልጋው ሳይሆን ከብረቱ ጫፍ ነው። ጉዳቱ ይብሳል። እኔ አልጋውን ዝቅ አድርገው፣ ጎማውን ቆልፈው ነው የምልህ።

ታደሰ፦ ዝቅ የማይል አልጋስ?

ብርቱካን፦ ጠንካራ መርገጫ ከሥሩ ይደረግ፣ አስታማሚውም ከጎን ይሁን።

ታደሰ፦ የአባቴ ብረት ግን ጠቅሞታል።

ብርቱካን፦ ለአባትህስ እሺ አልኩህ እኮ! ሁሉም ላይ ይነሣ ካልክ ነው የማልስማማው።

ታደሰ፦ ይሁን፣ እናቆየው። መድኃኒትስ ያስወድቃል ይባላል?

ብርቱካን፦ አዎ። የእንቅልፍ መድኃኒት፣ የግፊት መድኃኒት፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት። ሽንት የሚያበዛውን ማታ ከወሰዱት ሌሊቱን ሲመላለሱ ያድራሉ። ሰዓቱን ለመለወጥ ሐኪሙን መጠየቅ ነው፣ በራስ ማቋረጥ የለም። ደግሞ ከተኙበት ብድግ ሲሉ ግፊት የሚወርድባቸው አሉ። ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ አደጋ አለው። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ይበሉ፣ እግራቸውን ያወዛውዙ፣ ካልዞረባቸው ይቁሙ።

ታደሰ፦ በአጎትሽ ሸበጥ አይሁን እንጂ!

ብርቱካን፦ (እየሳቀች) በሱማ አይሆንም! ደግሞ ማን ሊወድቅ እንደሚችል ቀድሞ መለየት ይቻላል። ፊዚዮቴራፒስቶች፣ ማለትም የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዎች፣ የሚሠሩት ቀላል ፈተና አለ። ሰውየው ከወንበር ይነሣል፣ 3 ሜትር ይራመዳል፣ ዞሮ ተመልሶ ይቀመጣል። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀበት ጠንቀቅ ማለት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እኮ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። ተቋሙ ራሱ በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጤና ባለሙያ ለማሠልጠን ነው። በዚህ ከተማ ይሄን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ታዲያ አረጋዊ ሲገባ ገና በመጀመሪያው ቀን ለምን አናስራምደውም?

ታደሰ፦ የብረቱንም ነገር ፊዚዮቴራፒስት ጋብዘን እንጠይቀው።

ብርቱካን፦ ይምጣ! እኔ ዝግጁ ነኝ።

ታደሰ፦ ሳልረሳው፣ አንዲት አድማጫችን «እናቴ ሆስፒታል ልትተኛ ነው፣ ምን ጫማ ልግዛላት?» ብላለች።

ብርቱካን፦ ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ማሰሪያ የማይጎተትበት። በካልሲ ብቻ ሴራሚክ ላይ እንዳትራመድ። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ እግሯን ከሰዓት በኋላ ለኪው። ሲውል የሚያብጥ እግር ከሆነ በጠዋቱ ልክ የተገዛ ጫማ ይጠባታል፣ ከጠበባት ደግሞ አውልቃ በባዶ እግሯ ነው የምትሄደው።