የመቀነት ስኳር

እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቼ? ዛሬ ልናገርበት ያዘጋጀሁት ጉዳይ ሌላ ነበር፤ ሆኖም ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ያን ትቼዋለሁ። የስኳር ሕመምተኛ ነኝና ስኳሬ ድንገት ቢወርድ ብዬ የሚበላ የምይዝበት፣ እናንተም «ሱቅ በደረቴ» እያላችሁ የምትቀልዱበት ቦርሳዬ ያን ዕለት አሳፍሮኛል። ምናልባትም ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።

ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። የኢንሱሊን መርፌዬን የወጋሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ በቅልቅሉ ውስጥ ያለው ደመናማው፣ ማለትም ቀስ ብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን ደግሞ ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጉልበቱ የሚበረታ ነውና፣ ምሳ ሳይበሉ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ መገኘት ራስን አሳልፎ መስጠት መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ረፋድ ላይ የለመድኳትን ሙዝ እንኳ በስብሰባ ምክንያት ሳልበላት ቀርቻለሁ። ሾላን አለፍ እንዳልን መንገዱ ተዘጋ። መጀመሪያ ከንፈሬ ደነዘዘ፤ ቀጥሎ ላብ በአንገቴ ወረደ፤ ከዚያም ጣቶቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ያገኘሁት ቆሎ ነበር።

ከቆሎው በቀር ምንም አልነበረም። ከረሜላዎቹን በዋዜማው ማታ ቴሌቪዥን እያየሁ ጨርሻቸው ነበር፤ ያውም ስኳሬ ሳይወርድ፣ እንዲያው ስላማረኝ ብቻ። ይህን ሳልነግራችሁ ለማለፍ አስቤ ነበር። ለክፉ ቀን የያዝኩት ነገር ጣፋጭ በሆነ ቁጥር ክፉው ቀን ሳይመጣ ስለሚያልቅብኝ፣ ቀስ በቀስ ቦርሳዬን በማያጓጓኝ ነገር መሙላት ለመድኩ። ገብስ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ። እነዚህ ምሳ ሊዘገይ ሲል አስቀድሞ ለመያዝ እጅግ መልካም ናቸው፤ ስኳራቸው ቀስ እያለ ስለሚገባ ለረጅም ሰዓት ደግፈው ያቆማሉ። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ግን ያው ቀስ ማለታቸው ጠላት ይሆናል። ቆሎ እያላመጡ እየወረደ ካለ ስኳር ጋር መሽቀዳደም አይቻልም። ቸኮሌትም ቢሆን ቅባቱ ያዘገየዋል፤ እኔ ይህን የተረዳሁት ከብዙ ቸኮሌት በኋላ ነው።

ወደ ሚኒባሱ ልመለስ። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ፊቴን ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ስኳር አለብሽ?» አሉኝ።

በራሴ ነቀነቅሁ።

«መዋጥ ትችያለሽ?»

ይህ ጥያቄ ያኔ አልገረመኝም፤ አሁን ግን ይገርመኛል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም እንደማይሰጥ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው። ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፈቱና በላስቲክ የታሰረ ስኳር አወጡ። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ሐኪሞች ከሚያዝዙት 15 ግራም ብዙም የራቀ አልነበረም። ማን መጥኖ እንደሰጣቸው እንጃ።

ከኋላችን የተቀመጠ ጎልማሳ ጣልቃ ገባ፤ «እናቴ፣ ስኳር አለባት እያሉ ስኳር ይሰጧታል? ሊገድሏት ነው?» አለ።

ዞር ሳይሉ «መብዛቱ በዓመት ነው የሚገድለው፤ ማነሱ በደቂቃ ነው» ብለው መለሱለት።

በእርግጥ ኢንሱሊኑን ያቋረጠ ሰው በቀናት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል አባባሉ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ግን ከዚያ የተሻለ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ሚኒባሱ ውስጥ አልነበረም። ጎልማሳውንም አልፈርድበትም፤ የበሽታው ስም ራሱ ያሳስታል። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ሻይዬ ውስጥ ስኳር ስጨምር ብታየኝ ታለቅሳለች። በጾም ወቅት ጠዋት ዳቦ ይዤ ስታገኘኝ ዝም የምትለውም ነፍስ አባታችን «ሕመምተኛ አይገደድም» ስላሏት እንጂ አምናበት አይደለም። ደግሞ ሌላም አለ፤ ስኳሬ ወርዶ የደነገጥኩ ዕለት ያገኘሁትን ሁሉ ስበላ 300 አልፎ የሚያድርበት ጊዜ ስላለ፣ የእናቴ ፍርሃት ከሜዳ የተነሳ ነው ለማለትም ድፍረቱ የለኝም። ይቅርታ፣ ከነገሬ ወጣሁ።

ስኳሩን በልቼ ጣቶቼ ትንሽ ሲረጉ መለኪያዬን አወጣሁ፤ 61 አነበበ። ከ70 በታች እስከሆነ ድረስ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት ነው ሕጉ። ጠበቅሁ። መንገዱ ተከፈተ፤ እንግሊዝ ኤምባሲን አልፈን ወረድን። ሁለተኛውን ስትሪፕ፣ ደም የሚነካበትን የመለኪያውን ቁራጭ፣ ሳስገባ ቀበና ደርሰን ነበር፤ ስትሪፕ ምን ያህል እንደተወደደ ታውቃላችሁ፣ ያም ሆኖ አስገባሁት፤ 72 አለ። የናቅሁት ቆሎ ተራው የደረሰው ያኔ ነበር፤ ምሳ ገና ሩቅ ስለሆነ የወጣው እንዳይመለስ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። አንድ እፍኝ ወደ አፌ እንዳደረግሁ እማማ «ወራጅ አለ» አሉ።

ባዶውን ላስቲክ አሳየኋቸውና «ጨረስኩብዎት እኮ» አልኳቸው።

«ቤቴ ቅርብ ነው፤ ተይው» ብለው ወረዱ።

አፌ ቆሎ ሞልቶት ስለነበር አመሰገንኳቸው ማለት አልችልም። ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ማታ ተኝቼ ያስታወስኩት ነው፤ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ እማማ ሳንቲማቸውን እየቆጠሩ «አንድ አራት ኪሎ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። ለአራት ኪሎ ከፍለው ለምን ቀበና ወረዱ? ምናልባት ሱቅ ገብተው ስኳር ሊገዙ ይሆናል። ምናልባትም ዘመድ ሊጠይቁ። በእግራቸው ሄደው ከሆነ ግን ከቀበና ወደ አራት ኪሎ ዳገት ነው፤ መራመድ ደግሞ ስኳርን ይበልጥ ያወርዳል። እሳቸውም ስኳር ኖሮባቸው የሚወስዱት ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን ብቻ ከሆነ የመውረድ አደጋው ጥቂት ስለሆነ በከንቱ እየተጨነቅሁ ነው ማለት ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ስኳር በመቀነቱ ቋጥሮ የሚወጣ ሰው አንድ ቀን ወርዶበት ያየ ሰው መሆን አለበት እላለሁ። «እርስዎስ ምን ይይዛሉ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ለአንድ ዓመት ያህል እዚህ ተቀምጬ ምን መያዝ እንዳለባችሁ ስነግራችሁ ከርሜያለሁ።

አሁን እኔም ስኳር በላስቲክ ቋጥሬ እይዛለሁ። ደረቅ ስኳር እንደ ከረሜላ አያጓጓም፤ ይህ ለእኔ መፍትሔ ሳይሆን አይቀርም፣ ወይም ገና አልፈተነኝም። ተምርም ሞክሬ ነበር፤ ግን እሱንም...

ተዉት። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መቀነታቸውን ሲፈቱ ከጎኑ ሌላ ቋጠሮ ያየሁ ይመስለኛል። ገንዘብም ሊሆን ይችላል። ስኳር ሲወርድ ዓይን ይደነግዛል፣ ያዩትም ነገር አይታመንም፤ ስለዚህ ሁለት ነበር ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። አንዳንድ ማታ ሁለት ነበር፤ ትናንት ማታ ግን ደጋግሜ ሳስበው አንድ ብቻ ሆኖ...