ለአዲስ ሕፃን የቱ ይደረግ፣ የቱ ይቆይ፣ የቱ ይቅር?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ማይኩ ጋ ብቻዬን ነኝ። ልጅ ሲወለድ ጤና ተቋም ውስጥ ከሚደረግለት ነገር የቱን እሺ እንበል፣ የቱን እናቆየው፣ የቱን አይሆንም እንበል? የዛሬው ሐሳቤ ይኸው ነው።

ጥያቄው አይከብድም፤ የሚነሳበት ሰዓት ነው የሚከብደው። እናትየው ምጥ ጨርሳ ዝላለች፣ አማትየው የአጥሚቱን ፔርሙዝ ይዘው በር ላይ ቆመዋል፣ አባትየው ማዘዣ ይዞ ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጣል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እየተባለ ስለ መርፌ ማሰላሰል የሚችል የለም። ስለዚህ ይሄ ወሬ በእርግዝና ክትትል ጊዜ፣ ስምንተኛው ወር ላይ ቢያልቅ ነው የሚሻለው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገርና ባሕር ዳር ላይ "ልጄ አይወጋም" ብሎ ፊት ለፊት የሚከራከር ወላጅ ጥቂት ነው። አብዛኛው ነገር የሚቀረው እምቢ ተብሎ አይደለም። እናት በወለደች በስድስት ሰዓቷ "ደህና ነኝ፣ ቤቴ ልግባ" ትላለች፣ ባጃጅ ይጠራል፣ ያልተሰጠው ሳይሰጥ ይቀራል። ያልተጻፈውንም ማንም አይጠይቅም። ከወሊድ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ተቋም ውስጥ ቆዩ የሚባለው በከንቱ አይደለም። እኔ ነገሮቹን የምለያቸው ሰዓት የሚያልፍባቸውና የማያልፍባቸው እያልኩ ነው። ሰዓት የሚያልፍበትን እዚያው አስጨርሱ፤ የማያልፍበትን ተረጋግታችሁ ምረጡ።

ከቫይታሚን ኬ ልጀምር። ብዙ ሰው ክትባት ይመስለዋል፤ አይደለም። ጉበት ደም የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች የሚሠራው በዚህ ቫይታሚን ነው። በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ የሚያልፈው በጣም ትንሽ ነው። በጡት ወተት ውስጥም ያለው ትንሽ ነው፣ እናት ጎመን ስለበላች አይሞላም። ስለዚህ ሕፃኑ ሲወለድ ባዶ እጁን ነው ማለት ይቻላል። መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ፣ 1 ሚሊግራም፣ ጭኑ ላይ ጡንቻው ውስጥ ይሰጣል። ከ1500 ግራም በታች ለሆነ ሕፃን ግማሹ ነው። ካልተሰጠ ደሙ በመጀመሪያው ቀን፣ ወይም ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ከእትብት፣ ከአፍንጫ፣ ከአንጀት ሊመጣ ይችላል። ክፉው ግን ዘግይቶ የሚመጣው ነው። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ፣ ደህና ሲጠባና ሲያድግ የነበረ ልጅ በድንገት ያስመልሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ይደነዝዛል፤ ብዙ ጊዜ ደሙ የፈሰሰው አንጎል ውስጥ ነው። ይሄ የሚደርሰው በተለይ ጡት ብቻ በሚጠቡ ልጆች ላይ ነው። መፍትሔው መርፌው ነው እንጂ ጡት ማቆም እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ።

የት ይበላሻል? አንደኛ፣ አምፑሉ ላይ። አንዳንዱ አምፑል በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም የያዘ ነው። ለሕፃኑ የሚያስፈልገው 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ይሄ ደግሞ በትልቅ ስሪንጅ አይለካም፣ የ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይፈልጋል። "እስቲ አምፑሉን አሳዪኝ" ማለት ነውር አይደለም፤ ጎበዝ አዋላጅ ደስ ይላታል። ሁለተኛ፣ መዝገብ ላይ። የክትባት ካርዱ ላይ ስለ ቫይታሚን ኬ ምንም ካልተጻፈ ቀኑንና መጠኑን አስጽፉ፤ ልጁ በኋላ ቢደማ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። "መርፌው ካንሰር ያመጣል" የሚለው ወሬ ደግሞ መነሻ አለው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንግሊዝ አገር የወጣ አንድ ጥናት ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች አላረጋገጡትም። እኔ እዚህ ላይ አላመነታም፦ ይሰጠው።

ይሄን ያህል የቆየሁበት ቀጥሎ ባለው ምክንያት ነው። ግርዛት። ወንድ ልጅ ከሆነ በስምንተኛው ቀን መግረዝ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የቆየ ልማድ ነው፣ በሙስሊም ቤተሰቦችም በሰባተኛው ቀን የሚያስገርዙ አሉ። ቫይታሚን ኬ ላልወሰደ ልጅ ቀኑ የሚውለው ደሙ በቀላሉ በማይረጋበት የመጀመሪያው ሳምንት ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይታወቅ፦ መጀመሪያ መርፌው፣ ከዚያ ምላጩ።

ግርዛት እንደ ሕክምና ሰዓት የማያልፍበት ነገር ነው። በአዋቂነት የኤች አይ ቪን መተላለፍ ከሴት ወደ ወንድ በ60 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ግን ያ ጥቅም ልጁ ሲጎረምስ የሚመጣ ነው፤ በስምንተኛው ቀን ሳይሆን በሁለተኛው ወር ቢገረዝም አይጠፋም። ልጁ ያለ ጊዜው ከተወለደ፣ ክብደቱ ከ2500 ግራም በታች ከሆነ፣ ቢጫ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ ደም አልቆም የሚለው ሰው ካለ ይቆይ። አንድ ነገር ደግሞ ራሳችሁ እዩ፦ የሽንቱ ቀዳዳ ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ከሆነ በጭራሽ አታስገርዙት። ያን ለመጠገን ቀዶ ሐኪሙ የሚጠቀመው ያንኑ ሸለፈት ነው፤ ከተቆረጠ ወዲያ አይመለስም።

ሲገረዝም በማደንዘዣ፣ በንጹሕ መሣሪያ፣ ጤና ተቋም ውስጥ ይሁን። በፕላስቲክ ቀለበት ከተሠራ ቀለበቱ ከአምስት እስከ ስምንት ቀን ውስጥ ራሱ ይወድቃል፤ አትጎትቱት። በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ ቢጫማ ነገር ሲታይ እናቶች መግል ነው ብለው ይጨነቃሉ፤ ብዙ ጊዜ የመዳን ምልክት ነው። መቅላቱ ወደ ሆድ እየሰፋ ከሄደ፣ ደሙ ጨርቁን እያራሰ ካልቆመ፣ ወይም ልጁ 12 ሰዓት ሙሉ ካልሸና ግን ሳታድሩ ውሰዱት።

የሴት ልጅ ግርዛት? እሱ ምርጫ ውስጥ አይገባም። ጥቅም የለውም፣ ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ነው፣ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 565ም የሚያስቀጣ ነው። እንጥል ማስቆረጥና ድድ ሰንጥቆ የወተት ጥርስ ማውጣትም እዚሁ ይመደቡልኝ። "እንጥሉ ወርዶ ጉሮሮውን ዘጋው" የተባለ ሕፃን ያልጠባው እንጥሉ ስለረዘመ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን ይዞት ነው። ምላጩ በሽታው ላይ ደምና ቴታነስ ይጨምርበታል፣ የሐኪም ቤቱንም ሰዓት ይበላበታል። አያትን ማሳመን እንደሚከብድ አውቃለሁ። ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ "ሐኪሙ ዛሬውኑ አምጡት ብሏል" ብላችሁ ይዛችሁት ውጡ።

ወደ ሁለቱ ቱቦዎች ልምጣ። አንዱ የዓይን ቅባት ነው፣ ቴትራሳይክሊን 1 በመቶ። በተወለደ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጎ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በሁለቱም ዓይን ይደረጋል፤ አይታጠብም። በምጥ መንገድ የሚጋባውና ዓይን የሚያጠፋው ጨብጥ ነው ዋናው ጠላት። እናቶች "እኔ ንጹሕ ነኝ፣ ለምን?" ብለው ቅር ይላቸዋል። ማንም ስለማንም ጠባይ እየፈረደ አይደለም፤ ጨብጥ ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይና በክትትል ወቅት ለሁሉም ስለማይመረመር ነው ለሁሉም ሕፃን የሚሰጠው። እናት ካልፈለገች የመጀመሪያውን ጡት እስኪጠባ ይቆይላት፤ እስከዚያ ድረስ ምንም አይጎዳም።

ሌላው ቱቦ የእትብት ቅባት ነው፣ ክሎርሄክሲዲን። እትብቱ ጫፍና ዙሪያው ላይ በቀን አንድ ጊዜ ለ7 ቀን ይቀባል። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፦ ይሄ ቅባት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያቃጥላል፣ እስከ መታወር ያደርሳል። በአፍሪካ አገሮች ውስጥ በስሕተት ዓይን ላይ ተቀብቶ የተጎዱ ሕፃናት ስለነበሩ የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ሁለቱም ቱቦ ትንሽ ነው፣ ሌሊት በባትሪ ብርሃን ያምታታል። የዓይኑ ጤና ተቋም ላይ አልቋልና ቤት የሚገባው የእትብቱ ብቻ ይሁን፣ በወፍራም እስክሪብቶ "እትብት" ብላችሁ ጻፉበት። ቅቤ፣ እበት፣ አመድ እትብት ላይ ምንም ቦታ የለውም።

ክትባት ላይ አልቆይም። ሲወለድ ከሚሰጡት መካከል የቲቢው ቢሲጂና በአፍ የሚጨመረው የፖሊዮ ጠብታ ይገኙበታል። የቢሲጂ ብልቃጥ አንዴ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ይደፋል፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ስለሆነ "የክትባት ቀን ተመለሱ" ትባላላችሁ። ቢሲጂ ቢዘገይ ይደረስበታል። የልደቱ የፖሊዮ ጠብታ ግን ከ14 ቀን ካለፈ አይሰጥም፤ ስለዚህ እሱን "ዛሬውኑ ስጡልኝ" በሉ። ቢሲጂው ከሁለት ሳምንት በኋላ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል። ምንም አትቀቡት። እናትየው በክትትል ጊዜ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ከተገኘባት ደግሞ ልጁ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባቱን ማግኘት አለበት፤ የት እንደሚገኝ ምጥ ሳይመጣ በፊት አጣሩ። የሚቀጥለው ቀጠሮ 45ኛው ቀን ነው። የሴት ልጅ ክርስትና 80 ነው ብላችሁ እስከዚያ ቤት አትቆዩ።

የደም ዓይነትም ሰዓት አለው። እናት አር ኤች ኔጋቲቭ ከሆነች (የደም ዓይነቷ የመቀነስ ምልክት ካለው ማለት ነው) የልጁ ደግሞ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ እናትየው በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ ዲ የሚባለውን፣ ሰውነቷ የልጁን ዓይነት ደም እንዳይዋጋ የሚከላከለውን መርፌ ትውሰድ። መርፌው ለዚህኛው ልጅ አይደለም፣ ለሚቀጥለው ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል የሚረሳው። ዋጋው ይከብዳልና አስቀድማችሁ ተዘጋጁ።

ስለ ቢጫነት ስንመጣ፣ የአራስ ቤት ጨለማ ነው፤ ምች ይመታታል ተብሎ መስኮት ይዘጋል። በጨለማ ቢጫ አይታይም። በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አምጡት፣ ግንባሩን፣ ደረቱን፣ መዳፉን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ጣታችሁ ሲነሳ የሚታየውን ቀለም እዩ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የታየ ቢጫነት ሁልጊዜ ሐኪም ይፈልጋል። መዳፍና እግሩ ሥር ድረስ ከደረሰ በየትኛውም ቀን ቢሆን ያስቸኩላል፤ ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ይህን አያድንም፣ የብርሃን ሕክምና ነው የሚያስፈልገው።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ "የተረከዝ ደም ምርመራ አስደርጉለት" ትባላላችሁ። እዚያ ልጁ በተወለደ በቀናት ውስጥ ለታይሮይድ፣ ማለትም የአንገት ዕጢ፣ ሆርሞን ማነስና ለሌሎች አብረው ለሚወለዱ ችግሮች ይደረጋል፤ እዚህ ከመደበኛው አገልግሎት ውስጥ አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞንን ብቻ የሚለካ ላብራቶሪ ካገኛችሁ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ማሠራቱ ጥሩ ነው። በቀላሉ የሚገኘው ግን የኦክስጅን ልኬት ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ በቀኝ እጅና በአንድ እግር ይለካል። ሁለቱም ከ95 በታች ከሆኑ ወይም ልዩነታቸው ከ3 ከበለጠ ልብ መታየት አለበት። መሣሪያው ክፍሉ ውስጥ ካለ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው፤ ጠይቁ።

ከዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ ከደቅ ወይም ከሌሎቹ የጣና ደሴቶች ለምትመጡ ደግሞ ነገሩ ሌላ ስሌት አለው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፣ ስለዚህ ጀልባው እንዳያመልጣችሁ ማልዳችሁ ለመውጣት ትቸኩላላችሁ። ለዚያ ሌሊት ሳይሆን ለአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት የሚሆን ስንቅና ማረፊያ ይዛችሁ ኑ። ከመውጣታችሁ በፊት ካርዱን ገልጣችሁ አራት ነገር እዩ፦ ቫይታሚን ኬ፣ የፖሊዮ ጠብታ፣ ክብደት፣ የእናት የደም ዓይነት። ጀልባ ላይ ልጁ ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ፣ ኮፍያ አድርጎ በነጠላ ይሸፈን። ቤት ስትገቡ በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እንድታየው ስልኳን ይዛችሁ ሂዱ፤ አጎበሩም ከመጀመሪያው ሌሊት ይዘርጋ። ካልጠባ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ከተነፈሰ፣ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ከቀዘቀዘባችሁ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ለዚህም ጀልባው የማን እንደሆነና በሌሊት ማን እንደሚቀዝፍ አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ያለቀ ይሁን።