ስድሳ ወፎች በሴንትራል ፓርክ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣላችሁ በሰሜን አሜሪካ በየመስኩ ስለምትታየው፣ ዘሯ ግን ከአውሮፓ ስለመጣው፣ ስታርሊንግ ስለምትባለው ወፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1890 ዩጂን ሺፍሊን የተባለ ሰው ከአውሮፓ ያስመጣቸውን 60 ያህል ስታርሊንጎች በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ለቀቀ፤ በዓመቱም 40 ያህል ጨመረ። ሰውየው የባዕድ እንስሳትን ከአሜሪካ ምድር ጋር ለማላመድ የተቋቋመ ማኅበር መሪ ሲሆን፣ ይህም በዘመኑ እንደ በጎ ሥራ ይታይ ነበር። ቀደም ሲል ሌሎች የለቀቋቸው ዘር ሳይተኩ ጠፍተዋል። የእርሱዎቹ ግን በአቅራቢያው ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጣሪያ ሥር ጎጆ ቀለሱ፤ 60 ዓመት ሳይሞላም ዘራቸው ካሊፎርኒያ ደረሰ።

ጉልበቷ ያለው መንቁሯ ላይ ይመስለኛል። የብዙ ወፎች የመንቁር ጡንቻ የሚበረታው ለመንከስ ሲሆን፣ የእርሷ ግን ለመክፈትም ብርቱ ነው። የተዘጋ መንቁሯን ሣር ውስጥ ሰክታ በኃይል ስትከፍተው፣ ዓይኖቿ ወደ ፊት ዞረው በተፈጠረው ክፍተት የተደበቀውን ትል ያያሉ። ይህን ስታደርግ ቆሜ ሳያት መደነቄን መደበቅ አልችልም።

ይሁን እንጂ የምትራባው በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ሆኖ ሳለ ራሷ ግንድ መፈልፈል ስለማትችል፣ ግንደ ቆርቁር ብዙ ቀን ደክሞ ያዘጋጀውን ቤት ትቀማዋለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ በፍልፍል ከሚራቡት የአገሩ ወፎች የአብዛኞቹ ቁጥር በእርሷ ምክንያት ክፉኛ እንዳላሽቆለቆለ አሳይቷል፤ ለእኔ ግን ይህ ቤቱን የተቀማውን ወፍ አያስረሳኝም። ወፏን ጥፋተኛ ማለትም አልችልም፤ ውቅያኖስ ያሻገራት የሰው እጅ ነውና። በትውልድ አገሯ በብሪታንያ ደግሞ ቁጥሯ እጅግ ከመመናመኑ የተነሣ ከሚያሳስቡት ወፎች ተርታ ተመድባለች።

ብሉበርድ ለምትባለው ሰማያዊ ወፍ የጎጆ ሣጥን የሚሠሩ ሰዎች መግቢያውን 38 ሚሊሜትር ስፋት አድርገው ይበሱታል። ብሉበርድ በዚያ ትገባለች፤ ስታርሊንግ ግን ጭንቅላቷን ብታሾልክም ትከሻዋ አያልፍም።